ወተት ፋብሪካ ለምትገቡ ልጆች

ምግብ ሳይንስ ተምራችሁ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸኖ በኩል ወተት ማቀነባበሪያ ለምትቀጠሩ ነው የምጽፈው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ ማንም ቅር ቢለው ግድ የለኝም።

ትምህርት ቤት ባክቴሪያ ያሳደጋችሁት በ37 ዲግሪ፣ ምግብ በተትረፈረፈበት ብልቃጥ ነው። ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ተንቀባሮ የሚኖር ባክቴሪያ የለም። የምታገኙት ቧንቧ ላይ የተለጠፈ፣ ራሱ ያመነጨውን ዝልግልግ ነገር የለበሰ፣ በወተት እጣቢ የሚኖር ነው። ባዮፊልም የሚባለው ይሄ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ያለውን የሚገድል ክሎሪን ይሄኛውን ላይነካው ይችላል።

«እኛ ጋ ብርድ ነው፣ ወተት አይበላሽም» የሚላችሁ አይጠፋም። ብርዱ ይረዳል፣ እውነት ነው። ሊስቴሪያ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ግን ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። እንዲያውም የሚዋኝበትን ጅራት በደንብ የሚያወጣው ከ30 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው፣ በ37 አብዛኛው ይተወዋል፤ ያ ጅራት ደግሞ ብረቱ ጋ ደርሶ እንዲጣበቅ ያግዘዋል። ፕሴውዶሞናስ ለሚባለው ወተት አበላሽ ባክቴሪያም ብርድ ይስማማዋል። እሱን ፓስቸራይዘሩ፣ ማለትም ወተቱን አሙቆ ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ ይገድለዋል፣ ቀድሞ ያመነጨው ኢንዛይም ግን 72 ዲግሪን ለ15 ሰከንድ ችሎ ያልፍና ወተቱን ቆይቶ ያመርረዋል። ስለዚህ ወተቱ መረረ ሲባል ፓስቸራይዘሩን ከመርገማችሁ በፊት የጥሬ ወተቱን ታንክ እዩ።

ስታዩ ደግሞ ከላይ ከላይ አይሁን። መጋጠሚያውን ፍቱት፣ ጎማውን አውጡና ከሥሩ በጣታችሁ ዳሱት። ካሟለጫችሁ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካለው ነገሩ አለቀ፣ ላብራቶሪ አትጠብቁ። የተሰነጠቀ ጎማ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ናሙና ስትወስዱም ጫን ብላችሁ ፈግፍጉ፤ የተለጠፈ ነገር በማባበል አይነሳም።

አጠባ ላይ የማየው ችግር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ይለቅለቅ፤ የፈላ ውሃ ከቀደመ የወተቱን ፕሮቲን ብረቱ ላይ ያበስለዋል። ቀጥሎ 1 በመቶ ገደማ ኮስቲክ ሶዳ በ70 እና በ75 ዲግሪ መካከል፣ ከዚያ ለካልሲየሙ ቅርፊት አሲድ፣ በየመሀሉም በውሃ ማለቅለቅ። ክሎሪን መጨረሻ ነው። የወተት ቅሪት ላይ ከደፋችሁት እዚያው ሥራ ፈትቶ ያልቃል። እናቶቻችን እንኳ ቅሉን በግራዋ ፈትገው አጥበው ነው በወይራ የሚያጥኑት፤ ሳታጥብ ያጠነች አላየሁም።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፣ ይሄን መጽሐፋችሁ ውስጥ አታገኙትም። ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ የማምረቻው መስመርም ግማሹን ቀን ይቆማል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይዘጋል። ቧንቧው ውስጥ የቀረው እጣቢ ታዲያ ጾም አያውቅም። የቆመ ውሃ፣ የሚገፋ ፍሰት የለም፣ ጥቂት ምግብ፣ ብዙ ጊዜ። ለባዮፊልም ከዚህ የተሻለ ምን ይምጣለት? ሥራ አስኪያጁ «ምርት ሳይኖር ሶዳ ለምን ይባክናል» ይላችኋል። አትስሙት፣ በትህትና። መስመሩ ሲቆም ሙሉውን እጠቡ፣ ዝቅ ያሉትን ቦታዎች ሁሉ አንጠፍጥፉ፣ ቫልቮቹን ከፍታችሁ አድርቁ። ለፋሲካ ወተት ከመቀበላችሁ በፊት እንደገና አጥባችሁ ናሙና ውሰዱ፤ ውጤቱ ጥቂት ቀን ስለሚፈጅ ሰሙነ ሕማማት ከመግባቱ በፊት ጀምሩት።