ፍሪዛ ለምን አይቀየርም? የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ሰው ናቸው። ሰው ካልነው ማለቴ ነው። ስለ ፍሪዛ፣ ድራጎን ቦል በሚባለው የጃፓን ካርቱን ላይ ስላለው ክፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 16 ዓመቴ ነው። ጓደኞቼ ከድራጎን ቦል ክፉዎች ሴል ወይም ቡ ይበልጣል ይላሉ፤ ጉልበታቸው ስለሚበልጥ። እኔን እስካሁን የሚያስፈራኝ ግን ፍሪዛ ነው። ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ።

መልስ፦ በጉልበት ጓደኞችህ ልክ ናቸው፤ አትከራከራቸው። በማስፈራት ግን አንተ ታሸንፋለህ።

መጀመሪያ ሲመጣ ምን ያደርግ እንደነበር አስታውስ። ተቀምጧል! በአየር ላይ የምትንሳፈፍ መቀመጫ ውስጥ ተደላድሎ የፕላኔት ናሜክን መንደሮች ይዞራል። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ለስላሳ። የገዛ አሽከሮቹን ዛርቦንንና ዶዶሪያን እንኳ "ዛርቦን ሳን፣ ዶዶሪያ ሳን" እያለ በአክብሮት ይጠራል። መንደሩን የሚያስጨርሰውም በዚያው ጨዋ አነጋገር ነው። የናሜኩ ተዋጊ ኔይል ፊት ቆሞ የውጊያ ጉልበቱ 530,000 እንደሆነ ሲነግረውም አይፎክርም። የኔይል 42,000 ነበር። ፍሪዛ ቁጥሩን አሳውቆት ሲያበቃ፣ በሙሉ ጉልበቴ አልዋጋህም ብሎ ሊያረጋጋው ይሞክራል። እኔ ጮኾ የሚዝት አለቃ አያስፈራኝም። ፈገግ ብሎ፣ በማዕረግ ጠርቶ ወረቀት የሚያቀብል አለቃ ሲመጣ ግን ላብ ያጠምቀኛል።

ደግሞ ሥራውን እይ። ፍሪዛ ነጋዴ ነው። ወታደር ይልካል፣ የፕላኔቷን ነዋሪ ያስፈጃል፣ ባዶዋን ፕላኔት ጥሩ ዋጋ ለሚከፍል ይሸጣል። ሳይያን ከሚባለው የተዋጊ ዘር የሆኑት ቬጂታ፣ ናፓና ራዲትዝ ለእሱ ነበር የሚሠሩት። የታሪኩ ጀግና ጎኩም ሳይያን ነው፤ በሕፃንነቱ ምድር የተላከው ሰዉን እንዲጨርስ ነው። ወድቆ ጭንቅላቱን ባይመታና ተልዕኮውን ባይረሳ ኖሮ ታሪኩ ገና ሳይጀመር ባለቀ ነበር።

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ደራሲው አኪራ ቶሪያማ ራሱ ተናግሯል። ፍሪዛ በማንጋው (ካርቱኑ በተሠራበት የሥዕል ታሪክ) ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ያኔ በጃፓን የመሬት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ጂያጌያ የሚባሉ የመሬት ደላሎች ደግሞ ተነስተው ነበር። ትንንሽ ቦታ ያላቸውን ሰዎች እያዋከቡ ያስለቅቃሉ፣ ቦታዎቹን አንድ ላይ ገጥመው ለትልልቅ ገንቢዎች ይሸጣሉ። እሺ ያላለውን የሚያስፈራሩላቸው ያኩዛ የሚባሉ የወንበዴ ቡድን ሰዎችም አይጠፉም። ቶሪያማ ፍሪዛን የሳለው እነዚህን እያሰበ ነው፤ በእሱ ዓይን ከሰው ሁሉ የከፉት እነሱ ነበሩ። ፕላኔቱን በቤት፣ ቀንዳሙን በደላላ ተካና አንብበው። ጓደኞችህም ይገባቸዋል።

እንዲያውም ሳይያኖችን ያጠፋበት ምክንያት ያው የነጋዴ ፍርሃት ነው። ከመሃላቸው አንድ ቀን ሱፐር ሳይያን የሚባል ኃያል ይነሳል የሚል አፈ ታሪክ ነበር። ነገ የሚያሰጋውን ሠራተኛ ዛሬ አሰናበተ፤ ከነፕላኔቱ። በአኒሜው (በካርቱኑ) ልዩ ክፍል ላይ ፕላኔቷ ስትፈነዳ እንዴት የሚያምር ርችት ነው እያለ ለዛርቦንና ለዶዶሪያ ያሳያቸዋል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቤቱን እየተንጎራደደ የፍሪዛን ሳቅ ይስቃል። ጎኩን መሆን አይፈልግም። ልጨነቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ በሳቁ አትጨነቂ። ያ ሳቅ ልጆችን እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። የጃፓንኛው ፍሪዛ ድምፅ የተዋናይ ሪዩሴይ ናካኦ ነው። ይኸው ሰውዬ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አንፓንማን በሚባለው የትንንሽ ልጆች ካርቱን ላይ ባይኪንማንን ይጫወታል። ባይኪንማን ጀርም ነው፤ ተንኮል ሲጎነጉን ይውላል፣ ሁሌም ተደብድቦ ይሄዳል። የጃፓን ሕፃናት በዚያ ድምፅ እየሳቁ ነው ያደጉት።

የናሜክ ታሪክ ግን ለ9 ዓመት ልጅ ከበድ ይላል። የጎኩ ጓደኛ ክሪሊን አየር ላይ ተንሳፍፎ ሲፈነዳ፣ ቬጂታ ልቡን ተወግቶ እያለቀሰ ሲሞት ብቻውን ባያየው እመርጣለሁ። አብረሽው ተቀመጪ። በተለይ መጨረሻውን እዩት። ፍሪዛ በገዛ መሣሪያው ለሁለት ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቆ አድነኝ ብሎ ይለምናል። ጎኩ ከራሱ ኃይል ቆርሶ ይሰጠዋል። ፍሪዛ ምን አደረገ? ጎኩ ዞሮ ሲሄድ ከጀርባው ተኮሰበት። ከዚያ በኋላ ልጅሽን ዛሬም ፍሪዛን መሆን ትፈልጋለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው። አዎ ካለሽ ደግሞ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ናሜክ በ5 ደቂቃ ትፈነዳለች ተብሎ ስንት ክፍል ነው የቆየነው? ቀልድ ነው?

መልስ፦ ወደ 10 ክፍል ገደማ። ማንጋው በየሳምንቱ ይወጣል፣ አኒሜውም በየሳምንቱ ይተላለፋል። ካርቱኑ ማንጋውን ከደረሰበት የሚያሳየው ያልቅበታል። ስለዚህ ይፋጠጣሉ፣ ይጮሃሉ፣ ድንጋይ ይነሳል። ትዕግሥት ከሌለህ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረውን ድራጎን ቦል ካይን እይ፤ ትርፉ ተቆርጦለታል።

ጥያቄ፦ ፒኮሎ ተቀየረ፣ ቬጂታ ተቀየረ፣ ቡ እንኳ ተቀየረ። ፍሪዛም የተሸነፈ ዩኒቨርስ በሚጠፋበት የኃይል ውድድር ላይ ከጎኩ ጎን ቆሞ ዩኒቨርሱን አድኗል። ለምን አሁንም ክፉ ይባላል?

መልስ፦ ከጎኩ ጎን የቆመው በዋጋ ነው። ቡ እንቅልፍ ጣለውና አንድ ተዋጊ ጎደለ፤ ጎኩ ሲኦል ድረስ ሄዶ ፍሪዛን ለመነ። ፍሪዛም ከሞት የምታስነሡኝ ከሆነ ብሎ ተስማማ። ብርቱውን ባላጋራ ጂሬንን ከጎኩ ጋር ተያይዞ ከመድረኩ ጣለው፣ መልአኩ ዊስ ነፍሱን መለሰለት፣ ሂሳቡ ተዘጋ። አልዋሸም፣ አልተቀየረምም።

ሌሎቹ የተቀየሩት የሚያጡት ነገር ስላገኙ ነው። ፒኮሎ የጎኩን ልጅ ጎሃንን አሳደገ፣ ቬጂታ ሚስትና ልጅ አገኘ። ፍሪዛ ማንንም አይወድም። አሳዛኝ የልጅነት ታሪክም አልተጻፈለትም፤ ለዚህ ቶሪያማን አመሰግነዋለሁ። አሁን አሁን ክፉ ሁሉ ሕፃን ሳለ ተበድሎ ነው እየተባለ ሰለቸኝ። የፍሪዛ አባት ኪንግ ኮልድ ነው፤ ልጁን አሞላቅቆ ነው ያሳደገው። ልጁም ያለ ልምምድ እንዲሁ ኃያል ሆኖ ተወለደ።

ቅጣቱ እንኳ አላረመውም። በምድር ሲኦል ዛፍ ላይ በቋጠሮ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ነበር፤ ከሥሩ አሻንጉሊቶችና ትንንሽ መላእክት ሙዚቃ እየነፉ ይዞራሉ። ለእሱ ከእሳት ይብሳል! እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ፊልም ከዚያ ወጥቶ 4 ወር ተለማመደና ወርቃማ ሆኖ መጣ። ያን መልክ አልወደድኩትም። ብልጭልጭ በዛበት፣ ጉልበቱን አላግባብ ጨረሰ፣ ሲሸነፍም ምድርን አፈነዳ። ዊስ ጊዜን ባይመልስ ሁሉም አልቆ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 በማንጋው ጥቁር ሆኖ ሲመለስ ግን አሮጌውን ፍሪዛ አየሁት። ጊዜ በተለየ መንገድ በሚሄድበት ክፍል 10 ዓመት ተለማምዷል። እነ ጎኩን ያንገላታውን ጋስን በቀላሉ ገደለ። ጎኩንና ቬጂታን እያንዳንዳቸውን በአንድ ምት አጋደማቸው። ሊገድላቸው ሲችል ትቷቸው ሄደ። ለምን እንደተዋቸው በሚቀጥለው ወር ግምታችሁን ላኩልኝ። የእኔ ግምት አዝኖላቸው አይደለም።