ቼሪ በድሬዳዋ ያፈራል? የጓሮ ፍራፍሬ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ጓሮዬ ውስጥ ፍራፍሬ ሳለማ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ልመልስ።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ እህቴ ከቱርክ የጎምዛዛ ቼሪ ፍሬ አምጥታልኛለች። ብተክለው ያፈራልኛል?

አያፈራልሽም የኔ እህት። ይህ ዛፍ በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እንቡጡ በደንብ የሚነቃው ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ወደ 1,000 ሰዓት ገደማ ከጠገበ በኋላ ነው። የእኛ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያን ብርድ ውሃም ሆነ ፍግ አይተካውም። ድካምሽ ያሳዝነኛልና ቦታውን ለሌላ ዛፍ አውይው።

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ እኛስ ጋ? ደጋ ነን እኮ።

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ከድሬ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ ለቼሪ ግን ይህም አይበቃም። ኮክ ሞክር፣ ጥቂት ብርድ የሚበቃው ዝርያ ምረጥ። ያማረህ ጉምዛዜው ከሆነ አጥር ላይ አጋም ትከል። አገር በቀል ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ እሾሁም ፍየል ይመልሳል። ፍሬው ጠቁሮ እስኪበስል ግን አይነካ።

ከገንደ ቆሬ፦ ጊሽጣዬ ያብባል፣ አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ የለም። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ መፍትሔው በእጅሽ ነውና። የጊሽጣ አበባ መጀመሪያ ሴት ነው፣ ኋላ ወንድ ይሆናል፤ ስለዚህ ራሱን በራሱ እምብዛም አያዳቅልም። በተፈጥሮ ይህን የሚሠሩት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው፤ እነሱ ካነሱ ፍሬው ይቀራል። የድሬ ደረቅ ሙቀትም የአበባውን የሴት ክፍል እርጥበት ቶሎ ያደርቃል።

ስለዚህ የጥንዚዛዎቹን ሥራ አንቺ ሥሪው። ማለዳ ተነሺ። ሦስቱ ወፍራም የአበባ ቅጠሎች ወለል ብለው የተከፈቱትን ፈልጊ፤ ነካ ስታደርጊያቸው የወንዱን ዱቄት ያራግፋሉ። ዱቄቱን በሲኒ ተቀበይ። ከዚያ ገና ግማሽ የተከፈተ አበባ ያዢና ቅጠሎቹን በጣትሽ ለቀቅ አድርጊ። መሐሉ ላይ የምታብለጨልጭ፣ የምታጣብቅ ትንሽ ጉብታ ታያለሽ። በልጆች የቀለም ብሩሽ ዱቄቱን ዙሪያዋን ቀቢያት። አንዱን ጎን ብቻ ከነካሽ ፍሬው ጎባጣ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ዓመት የቸኮልኩት እዚያ ላይ ነበር፤ ፍሬዎቼ ሁሉ ጠማማ ሆኑ። ዛፉን በእነዚያ ሳምንታት ውሃ አታስጠሚው።

ከከዚራ፦ የሎሚዬ አዲስ ቅጠል ቢጫ ነው፣ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቀርተዋል።

የብረት እጥረት ይመስላል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይታችኋል? የድሬ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ አፈሩም እንዲሁ። ብረት አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ኖራው ሥሩ እንዳይስበው ያስረዋል። ከጣራ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ አጠራቅማችሁ ለሎሚው ስጡት፣ ብስባሽም ጨምሩለት። ግንዱ ሥር ግን ውሃ አይቋጠር፣ ይበሰብሳል።

ከለገሃሬ፦ ፓፓያዬ ረጅም የተንጠለጠለ አበባ ብቻ ያወጣል።

ወንድ ነው ወንድሜ። ሲቆረጥ ያሳሳል፣ ግን ቁረጠው። ሌላ ጊዜ በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ችግኝ አብረህ ትከልና አበባ ሲያወጡ ወንዶቹን ንቀል።