የአዛውንቶች የማስታወስ ምርመራ ሲደገም ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል? የአዳማ ጠያቂዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ሞካ በሚባለው የማስታወስና የማሰብ ምርመራ 24 አግኝተው ነበር፤ ከስምንት ወር በኋላ 22 ሆነ። እየባሰባቸው ነው?

መልስ፦ በሁለት ነጥብ ብቻ እንደዚያ አይባልም። ምርመራው የሚታረመው ከ30 ነው፤ ጤነኛ ሰውም ሲደግመው ሁለት ሦስት ነጥብ ከፍ ዝቅ ይልበታል። አራትና ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ችላ አይባልም። ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አስቀምጠው ነጥቡ የት እንደጠፋ ይዩ። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ሲቀንሱ መሳሳት ከድካምም ይመጣል። እንዲያስታውሱ የተነገሯቸው አምስት ቃላት ፍንጭ ተሰጥቷቸውም ካልመጡላቸው ግን ያሳስባል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። በየሦስት ወሩ ብደግመውስ?

መልስ፦ ይፈጥናል፤ ቃላቱን ይለምዷቸዋል። በልምድ የተገኘው ነጥብ መውረዱን ስለሚሸፍን «ያው ነው» የሚል ውጤት ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይቆዩና ቃላቱ በተለወጡበት አማራጭ ቅጽ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ የሰዓቱን ሥዕል ሳቱ ተባለ። ሰዓት ግን አይስቱም እኮ!

መልስ፦ ወረቀቱን አስወጥተው ይዩት። ትእዛዙ «11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የሚያሳይ ሰዓት ይሳሉ» ነው። የቤታቸው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ለእሳቸው 11 ሰዓት ማለት አጭሩ ዘንግ 5 ላይ ሲቆም ነው፤ ረጅሙን 2 ላይ ካደረጉት አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው መርማሪ ተቀብሎት ሁለተኛው ካልተቀበለ፣ የጠፋው ነጥብ የእሳቸው ሳይሆን የመርማሪዎቹ ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ፦ የእኛና የፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ይለያያሉ። ከተማው ሲጠየቅ «ናዝሬት» ያሉ አዛውንትም መልሰዋል። የትኛው መልስ እንደተቆጠረ ቅጹ ጥግ ላይ ይጻፍ፣ ቀጣዩ መርማሪም ያንኑ ይከተል።

ጥያቄ፦ ፊደል ላልቆጠሩስ?

መልስ፦ ሞካ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ የሚጨምረው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ጨርሶ ላልተማረ አይበቃም። ሩዳስ የሚባለው ሌላ የማስታወስ ምርመራ ይሻላል፦ ከ30 ነው፣ ማንበብ አይጠይቅም፣ 22 እና ከዚያ በታች ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ኩብ ማሳሉ ግን እርሳስ ይዘው ለማያውቁ ያስቸግራል። ቋንቋውም አይቀየር፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ የተጠየቀ ሰው ውጤት አይነጻጸርም።

ጥያቄ፦ ድንገት አምስት ነጥብ ቢወርድ?

መልስ፦ መርሳት በሽታ ከመባሉ በፊት መነጽራቸውን አድርገው፣ በደንብ እየሰሙ እንደነበር ይጣራ። ቀጥሎ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ድብርት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ እንዲሁም እንደ አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት) ያለ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ይታይ። በቀናት ውስጥ የመጣ ግራ መጋባት ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ምርመራው የሚደገመው ከዳኑ በኋላ ነው።