መልስ፦ ወታደሩ ከወረደ ሕጉ ለምን ቶሎ አይሻርም?
«ጄኔራሎቹ ከወረዱ በኋላ ፓርላማው ሕጋቸውን በአንድ ጊዜ ለምን አይሽርም?» ብለሃል ወንድሜ። ሰዎቹ እኮ ከመውጣታቸው በፊት በሩን ቆልፈው ነው የሚሄዱት። ቺሊን ተመልከት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1988 ሕዝቡ ወታደራዊ ገዢውን ጄኔራል ፒኖቼን በሕዝበ ውሳኔ «አይሆንም» አለው። በ1990 የተመረጠ ፕሬዚዳንት ገባ። ወታደሮቹ ያወጡት የ1980ው ሕገ መንግሥት ግን ሥራ ላይ እንዳለ ቀጠለ። ሴኔቱ ውስጥ ማንም ላልመረጣቸው 9 ሹመኞች ቦታ ተይዟል። ፕሬዚዳንቱ የጦር አዛዦቹን እንዳሻው ማንሳት አይችልም። ፒኖቼ ራሱ እስከ 1998 የምድር ጦሩ አዛዥ ነበር! ሹመኞቹም ሆኑ ይህ ገደብ የተነሱት በ2005 ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን የዳኞቹ መላ ነው። ወታደሮቹ በ1978 ለራሳቸው የምሕረት አዋጅ አውጥተው ነበር። ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት እስከ መጋቢት 1978 ያለውን ወንጀል ይሸፍናል። መጀመሪያ ፍርድ ቤቶቹ በዚሁ አዋጅ ፋይል ይዘጉ ነበር። ኋላ ላይ ምን አሉ? ተይዞ የጠፋ ሰው አስከሬኑ ካልተገኘ፣ በሕግ ፊት ገና እንደታፈነ ነው። አፈናው ዛሬም አላበቃም፤ ስለዚህ ምሕረቱ አይደርስበትም። አዋጁ ሳይሻር ብዙ መኮንኖች ወህኒ ወረዱ።

ሕገ መንግሥቱን በአዲስ ለመተካት በ2022ም በ2023ም ተሞክሮ ነበር። ሕዝቡ ሁለቱንም ረቂቅ ጣለው። እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።