ጥሩ ባክቴሪያ ለቁስል? ሲስተር ትመልሳለች፣ ጠይቁ

ሲስተር፦ ሰላም። ስራዬ ቁስል ማጠብ ነው፣ ባለፈው ስለ ፕሮባዮቲክ (ለሰውነት ይጠቅማል ስለሚባለው ህያው ባክቴሪያ) ካወራሁ ወዲህ ኢንቦክሴን አጨናንቃችሁታል፣ እዚሁ ጠይቁኝ። መጀመሪያ ግን እርጎ ቁስል ላይ አይደረግም። አይደረግም!

ቤቲ፦ ሲስተርዬ የምር የተሞከረ ነገር አለ ወይስ የቲክቶክ ወሬ ነው?

ሲስተር፦ አለ እንጂ። አርጀንቲና፣ ቱኩማን የሚባል ቦታ። ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለውን ባክቴሪያ አሳድገው 80 የተቃጠሉ ታካሚዎች ላይ ከሲልቨር ሰልፋዳያዚን ጋር አወዳደሩት (ያቺ ነጯ የቃጠሎ ክሬም)፣ በፈረንጅ 2009 ታተመ፣ ውጤቱ ከክሬሙ ጋር ተቀራራቢ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ያንን ያዙልኝ።

እኔ የምወደው አሰራሩን ነው። ሱዶሞናስ የምንላት ቁስል የምታመረቅዝ ባክቴሪያ አለች፣ ፋሻውን ስትፈቺ ጎዙ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቅሻል፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታዋን ገና በሩ ላይ ሆኜ ነው የማውቃት። ጥቂት ሆና ሳለ አድብታ ትቀመጣለች። እያንዳንዷ ትንሽ ትንሽ ኬሚካል ትለቃለች፣ የእድር ጡሩምባ በይው፣ ቁጥራቸው ሲበዛ ጡሩምባውም ይጎላል፣ ያኔ በአንዴ ተነስተው መርዝ መርጨትና ዝልግልግ ሽፋን መስራት ይጀምራሉ፣ ሽፋኑ ከተሰራ በኋላ አንቲባዮቲኩ እንደልብ አይገባም። እነዚሁ የቱኩማን ሰዎች በፈረንጅ 2005 ላብራቶሪ ውስጥና የተቃጠሉ አይጦች ላይ ሲያዩት ፕላንታረም ያንን ጡሩምባ ዝም ያሰኘዋል። የሚያመርተው አሲድም አለ፣ ሱዶሞናስ አትወደውም።

የሸዋ ልጅ፦ ታዲያ እርጎም እኮ ላክቶባሲለስ አለው?

ሲስተር፦ ከላይ ምን አልኩ? የቤት እርጎ ውስጥ ከላሟ ጡት፣ ከአላቢዋ እጅ፣ ከቅሉ የመጣው ሁሉ አለ። የቱኩማን ሰዎች የቀቡት ለብቻው ያደገ አንድ ዘር ነው፣ ብዛቱም ተለክቶ። እርሾም ቆጮም እንዳትሉኝ።

ጋሽ በላቸው፦ እኛ ጣዝማ ማር ነበር የምንቀባው፣ ማን ሞተ?

የፋርማሲው ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ማር ፕሮባዮቲክ አይደለም። ለቁስል የሚሰራ የሕክምና ማር አለ፣ እሱ ግን ጀርሙ በጨረር የተገደለ ነው።

ጋሽ በላቸው፦ አንተ ልጅ፣ ጣዝማ ከመሬት ውስጥ ነው የሚወጣው፣ የምን ጨረር አመጣህብኝ።

ኪሩ፦ ጋሼ የገበያው ጣዝማ እኮ ግማሹ ስኳር ነው 😂

ሲስተር፦ ማሩን ለሌላ ቀን። ቀጣይ።

ኪሩ፦ እሺ፣ የት ይሸጣል?

ሲስተር፦ ፋርማሲ ገብተህ ስጡኝ የምትለው ነገር አይደለም፣ ገና ሙከራ ላይ ነው።

ሶስና፦ አባቴ ስኳር አለባቸው፣ እግራቸው ቆስሎ ወር አለፈው። የፕሮባዮቲክ ካፕሱል ከፍቼ ብነሰንስበትስ?

ሲስተር፦ አትነስንሺ! ካፕሱሉ ለሆድ ነው፣ ደግሞ ውስጡ ያለው ህያው ነገር ነው፣ የተዳከመ ሰው ደም ውስጥ ከገባ ራሱ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው የእግር ቁስል የቤት ጉዳይ አይደለም። ጠቁሯል? ይሸታል? ባይሸትም ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው፣ አያመኝም ቢሉሽ አትመኚያቸው፣ ነርቩ ሲጎዳ አያማቸውም።

አቡሽ፦ ቁስል አለብኝ ምን ላድርግ

ሲስተር፦ የት? የምን? ስንት ቀኑ? እኔ ጠንቋይ ነኝ እንዴ?

ቤቲ፦ እኔ ፕሮባዮቲክ የፊት ክሬም አለኝ፣ እሱስ?

ሲስተር፦ ኮስሜቲክስ አልመልስም።

የሸዋ ልጅ፦ የሱፐርማርኬት እርጎስ? እሱ ፋብሪካ ነው የሚሰራው።

ሲስተር፦ 🤦🏽‍♀️

ማሂ፦ ሲስተር ድረሽልኝ፣ ልጄ ላይ አሁን ሻይ ተደፋበት፣ እናቴ የጥርስ ሳሙና ቀባችው።

ሲስተር፦ ሳሙናውን በውሃ አስለቅቂው፣ የቧንቧ ውሃ ቀስ እያለ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት፣ በረዶ አታድርጊ፣ ቅቤም እንቁላልም እንዳይነካው። ልብሱን አውልቂ፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን አትጎትቺ። የት ጋ ነው የተቃጠለው? ስንት ዓመቱ ነው?

ማሂ፦ ሁለት ዓመቱ ነው። ደረቱና አንገቱ ላይ ነው።

ሲስተር፦ ውሃው እየፈሰሰበት እናትሽ መኪና ይጥሩ፣ ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ስልኩን አስቀምጪው አሁን!