ለልጅሽ ትምህርት ቤት የአማርኛ መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ «የልጄ ትምህርት ቤት የባህል ምሽት ሊያዘጋጅ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍቱ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ። ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ ሦስት ዓመቷ እኔ ትዝ አለችኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. አንድም መጽሐፍ ሳትገዢ የቤተ መጻሕፍቱን መምህርት አግኚያት። እዚህ «ሚዲያ ስፔሻሊስት» ነው የሚሏት። ኢሜይሏ ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። በቀጥታ ጻፊላት እንጂ በቢሮ በኩል አትሂጂ።

እኔ በቢሮ በኩል ነው የሄድኩት። አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቄ ስመለስ አንዱን የ23 ኪሎ ሻንጣ መጽሐፍ ብቻ ሞላሁበት። እናቴ ያዘጋጀችልኝን በርበሬና ሽሮ ትቼ! ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፍ ቤት ለመጽሐፍ ቤት ዞሬ፣ ከኪሴ አውጥቼ የገዛኋቸው 46 መጻሕፍት ናቸው። በካርቶን ተሸክሜ ስገባ ቢሮ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «እዚያ አስቀምጪው» ብላ በጣቷ ጥጉን አሳየችኝ። ስሜንም አልጠየቀችኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለወላጆች ስብሰባ ስሄድ ካርቶኑ እዚያው ቁጭ ብሏል። ቴፑ እንኳ አልተነሳም። ባለቤቱ የጠፋ የልጅ ጃኬት ተጥሎበታል። እንባዬ መጣ።

መምህርቷ ግን ካርቶን መምጣቱንም አልሰማችም ነበር። ያን ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩላት። አስቀምጣ አስረዳችኝ። መጽሐፍ ሳይመረመርና ካታሎግ ውስጥ ሳይመዘገብ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። እዚያ ደግሞ አማርኛ የሚያነብ የለም። ርዕሱ ምን እንደሚል፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን በምን ትወቅ?

2. ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ገጽ አዘጋጂ። ርዕሱን በፊደላችን፣ ከሥሩ በላቲን ፊደል፣ ከዚያ የደራሲውን ስም፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን፣ ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ። የታተመበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ወደ ፈረንጆቹ መልሺው፤ ያለዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። እኔ ልጆቼን እያስተኛሁ አራት ሌሊት ፈጀብኝ። ከ46ቱ 17ቱን ተቀበለች። ብዙዎቹ በስቴፕል ብቻ የተያዙ ስስ መጻሕፍት ስለነበሩ በልጅ እጅ አይቆዩም አለች። አንዱ ላይ መምህሩ ልጁን በአለንጋ ሲገርፍ የሚያሳይ ሥዕል ነበረበት። መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። እኛ ያደግንበት ነዋ። ገልጣ ስታሳየኝ ግን የልጁን ፊት አየሁት። ለካ ስገዛው አላየሁትም።

3. አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያለበትን ምረጪ፤ የልጅሽ ጓደኞችም አብረው ያነባሉ። ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ የተባለው ድርጅት የሚያሳትማቸው እንደዚያ ናቸው። በአፋን ኦሮሞና በትግርኛም አሉት። ይህን አደራ አትርሺ። የእኛ መጻሕፍት ከተደረደሩ በኋላ አንዲት ኦሮሞ እናት «የልጄስ ቋንቋ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልክ ነበረች፤ በሚቀጥለው ወር ጨመርን። ገንዘብ ካጠረሽ ስቶሪዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባሉ ድረ ገጾች ላይ በነፃ የሚታተሙ አሉ።

ተስፋ ስቆርጥ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን አስባለሁ። ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ቆይተው በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እሳቸው ያን ያህል ከደከሙ እኔ አንድ ካርቶን አያቅተኝም።

አሁን በጣም የምጸጸትበትን ልንገርሽ። በባህል ምሽቱ ልጆቹ ተሰልፈው ስማቸውን በፊደላችን አስጻፉኝ። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ዘጠኝ ፎቶ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ማታ ልጄ አይታ «ማሚ፣ አስፈቅደሻቸዋል?» አለችኝ። በዚያው ሳምንት መምህርቷ የሰው ፎቶ ከመለጠፍ በፊት ማስፈቀድ እንደሚገባ አስተምራቸው ነበር። ቀላል ነገር መስሎኝ ዝም አልኩ። ጠዋት አንዲት እናት እያለቀሰች ደወለችልኝ። ልጇ የት እንደሚማር እንዲያውቅ የማትፈልገው ሰው አለ። ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን ሼር ተደርጎ ነበር። ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለዚህ ፎቶ ስታነሺ መጻሕፍቱን አንሺ፣ መደርደሪያውን አንሺ፣ የራስሽን ልጅ አንሺ። የሰው ልጅ ፊት ግን ወላጁ ካልፈቀደ አይነሳ፤ የትምህርት ቤቱን የፎቶ ፈቃድም ለመምህርቷ አስቀድመሽ ጠይቂያት።

የሞላኋቸው ገጾች አሁንም አሉኝ። እንደ ናሙና የሚጠቅሙሽ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።