የራሳቸው ድምፅ ለምን ተመልሶ ይሰማቸዋል?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የአንድ ማሠልጠኛ የስብሰባ አዳራሽ ኃላፊ ነኝ። አዳራሹ 12 ሜትር ርዝመት አለው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አራት ማይክ፣ ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር፣ አምፕሊፋየርና ሁለት የግድግዳ ስፒከር አሉን። በዙም ስንሰበሰብ አዲስ አበባ ያሉት የራሳቸው ድምፅ ተመልሶ ይሰማቸዋል። ማይክ ብንቀይርም ለውጥ አላገኘንም።

መልስ፦ አዲስ አበባ የሚሰማው ኢኮ የሚፈጠረው ደሴ፣ እናንተ አዳራሽ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ድምፁ በየት በኩል እንደሚመለስ ይለዩ። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ እያወራ አምፕሊፋየሩን ጨርሰው ያጥፉት። ኢኮው አሁንም ካለ፣ የሚመለሰው በአየር ሳይሆን በሚክሰሩ በኩል ነው፤ ማይክ ቢቀያየርም ለውጥ አይመጣም።

ብዙ አነስተኛ ሚክሰሮች በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፑ የሚልኩት ዋናውን ቅልቅል («ሜን») ነው። የላፕቶፑም ድምፅ ሜን ውስጥ ከገባ አዲስ አበባ ያለው ሰው የተናገረው በመጣበት ገመድ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ የአምፕሊፋየሩን ገመድ ከሜን ነቅለው «ኦክስ 1» በሚለው ሌላ መውጫ ላይ ይሰኩት። በላፕቶፑ ቻናል ፌደሩን (የድምፅ መጠን ተንሸራታቹን) እስከ ታች ያውርዱና የኦክስ 1 ማዞሪያውን ይክፈቱ። በማይኮቹ ቻናሎች ደግሞ ፌደሩ ይከፈት፣ ኦክስ 1 ዜሮ ይሁን። ኦክሱ «ፕሪ ፌደር» (ድምፁን ከፌደሩ በፊት የሚወስድ) መሆኑን ያረጋግጡ፤ «ፖስት» ከሆነ ፌደሩ ሲወርድ ስፒከሩም ዝም ይላል።

አምፕሊፋየሩ ሲጠፋ ኢኮውም ከጠፋ ግን ጉዳዩ የክፍሉ ነው። ዙም ወደ ስፒከር የላከውን ድምፅ ያውቀዋል፤ ክፍሉን ዞሮ ማይክ ላይ ምን መስሎ እንደሚደርስ እየገመተ ይቀንሰዋል። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ ድምፁ ከተሰነጣጠቀ ግምቱ ይከሽፋል፤ ማይኩ የሚሰማው ዙም ከላከው የተለየ ነውና። ለሰሚው እስከሚበቃ ብቻ ይክፈቱት። 12 ሜትር ርቆ ካለው ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ ድምፅ 70 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በባዶ ብሎኬትና በሴራሚክ መካከል ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ይነጥራል። ከስፒከሮቹ ትይዩ ያለውን ግድግዳ በወፍራም መጋረጃ ይሸፍኑ፣ ወለሉም ምንጣፍ ይፈልጋል።

ማይክ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። አራቱም እኩል ተከፍተው ሲቀመጡ፣ አንድ ብቻ ከተከፈተበት ጊዜ ይልቅ ኢኮው በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። የማይናገር ሰው ማይክ ይዘጋ። የሚናገረው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይቅረበው፤ የማይኩም ጀርባ ወደ ስፒከር ይዙር። በተለይ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጩኸቱ የዙምን ግምት ራሱን ስለሚያዛባ ቅርበቱ የግድ ነው።

በዙም ቅንብር ውስጥ ማይክም ስፒከርም ያው የሚክሰሩ ዩኤስቢ ይሁን። አንዱ በዩኤስቢ፣ ሌላው በላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሆነ የሁለቱ ሰዓት ቀስ በቀስ ይለያያል፤ ኢኮውም ስብሰባው ሲረዝም ብቅ ይላል። «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ኢኮ የሚያጠፋ ዲኤስፒ (የዲጂታል ድምፅ ማቀናበሪያ) ገዝተን አስገጠምን። አሁን ኢኮ የለም፤ ግን «እናንተ ስትናገሩ ድምፃችሁ ይቆራረጣል» ይሉናል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለዲኤስፒው የተሰጠውን ሪፈረንስ፣ ማለትም ኢኮን ለመለየት የሚያነጻጽርበትን ድምፅ ይመልከቱ። እዚያ መግባት ያለበት ከሩቅ የመጣው ድምፅ ብቻ ነው። የራሳችሁ ማይኮች ያሉበት ቅልቅል ከተሰጠው የእናንተንም ንግግር እንደ ኢኮ ቆጥሮ ይቀንሰዋል። ይህ ተስተካክሎም ከተቆራረጠ «ኤንኤልፒ» የሚለውን (የተረፈ ኢኮን የሚያፍነውን ቅንብር) ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ ያውርዱ። ሁለት ኢኮ አጥፊዎች (ዲኤስፒውና ዙም) በተከታታይ ሲሠሩም እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ስለዚህ የደሴው ጠያቂ እንዲያጠፉ የነገርናቸውን ኦሪጅናል ሳውንድ እርስዎ ያብሩት፤ በሥሩ ያለውን የኢኮ ምርጫ ምልክት ያንሱ። ከዚያ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 20 ይቁጠር፤ አንዱ ቁጥር ለሌላው ወገን ሳይሰማ ከቀረ ኤንኤልፒውን በተጨማሪ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት።